ፍርዱና አንባቢዎቹ፦ ለድሬድ ስኮት ብያኔ የተሰጡ ሦስት መልሶች

ሂስ ሲባል ልብ ወለድና ግጥም ብቻ የሚለካበት ሚዛን የሚመስለን ብዙዎች ነን። የፍርድ ቤት ብያኔስ? እሱም እኮ ድርሰት ነው። ደራሲ አለው፤ መነሻና መድረሻ አለው፤ የሚያጎላው ነገር አለው፤ የሚሸፍነውም ነገር አለው። ከሌላው ድርሰት የሚለየው በአንድ ነገር ነው። መጥፎ ልብ ወለድ ሲያሰለቸን መጽሐፉን እንዘጋዋለን። መጥፎ ብያኔ ግን በሰው ላይ በር ይዘጋል። እንግዲህ ሂስ ለማንም የሚያስፈልግ ከሆነ ከሁሉ በፊት ለእንዲህ ያለው ጽሑፍ ነው።

እዚህ የምንመዝነው የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ማርች 6 ቀን 1857 የሰጠውን የድሬድ ስኮት ብያኔና እሱን በመቃወም የተነሱ ሦስት ጽሑፎችን ነው። አንዱ እዚያው ችሎት ላይ ተቀምጦ የነበረው የዳኛ ቤንጃሚን ከርቲስ የሐሳብ ልዩነት ነው። ሁለተኛው ከባርነት አምልጦ የወጣው የፍሬድሪክ ዳግላስ ዲስኩር ነው። ሦስተኛው ያኔ ምንም ሥልጣን ያልነበረው የኢሊኖይ ጠበቃ የአብርሃም ሊንከን ዲስኩር ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) እኔ የምለው ይህን ነው፦ ሦስቱም ፍርዱን የገጠሙት በንባብ ነው። ዳኛው «ሰነዱ እንዲህ ይላል» ባለበት ቦታ ሁሉ ሰነዱን ከእሱ ይልቅ አጥብቀው አነበቡ። ድካማቸውም ቢሆን ከዚያው ከንባባቸው የሚመጣ ስለሆነ እሱንም አንሸፍነውም።

በመጀመሪያ ነገሩን እንወቀው። ድሬድ ስኮት በቨርጂኒያ በባርነት የተወለደ ሰው ነው። ጌታው የጦር ሠራዊት ሐኪም የነበረው ዶክተር ጆን ኤመርሰን በ1830ዎቹ ዓመታት ሥራው በወሰደው ቦታ ሁሉ ይዞት ሄደ። መጀመሪያ ባርነት ወደተከለከለበት ወደ ኢሊኖይ ወሰደው፤ ቀጥሎም ወደ ሰሜን፣ ወደ ስኔሊንግ ምሽግ። ይህ ምሽግ የነበረበት አገር «የሚዙሪ ስምምነት» በሚባለው በ1820 ሕግ መሠረት ባርነት የማይገባበት ነበር። ስኮት ሐሪየት ሮቢንሰንን ያገባት እዚያ ነው። በኋላ ወደ ሚዙሪ ተመለሱ፤ ሐኪሙም በ1843 ሞተ። ኤፕሪል 6 ቀን 1846 ባልና ሚስቱ በሴንት ሉዊስ ፍርድ ቤት የሐኪሙን ሚስት ለየራሳቸው ከሰሱ። ክሳቸው አጭር ነው፤ ባርነት በሌለበት ምድር ኖረናልና ነፃ ነን የሚል ነው።

ይህ የሕልም እንጀራ አልነበረም። የሚዙሪ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለውን ክስ ከ1824 ጀምሮ እየተቀበሉ ነፃ ሲያወጡ ኖረዋል። በ1836 ራሔል የምትባል ሴት፣ እሷም የጦር መኮንን ወደ ስኔሊንግ ወስዷት የነበረች፣ በዚሁ ምክንያት ረትታለች። ስኮት በ1847 በማስረጃ ጉድለት ቢረታም፣ በ1850 እንደገና ሲታይለት ነፃ ነህ ተባለ። በ1852 ግን የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩን ገለበጠው። ለምን ቢሉ፣ ዘመኑ እንደ ድሮው አይደለም ተባለ! ሕጉ እንኳ አልተለወጠም፤ የተለወጠው የፖለቲካው አየር ነው። ዳኛው ደግሞ ይህንኑ ሳይደብቅ በፍርዱ ላይ ጻፈው። ከዚህ በኋላ ስኮት ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሄደ። ተከሳሹ የሐኪሙ ሚስት ወንድም ጆን ሳንፎርድ ነበር። ጸሐፊው ስሙን አሳስቶ «ሳንድፎርድ» ብሎ መዘገበውና እስከ ዛሬ ድረስ ጉዳዩ የሚጠራው በዚሁ በተሳሳተው ስም ነው። የሰውየውን ስም እንኳ በትክክል ያልያዘ መዝገብ የአራት ሚሊዮን ያህል ባሮችን ዕድል ሊወስን ተነሳ ማለት ነው።

ማርች 4 ቀን 1857 አዲሱ ፕሬዚዳንት ጄምስ ቡካናን ቃለ መሐላ ሲፈጽም፣ በአዳዲሶቹ ግዛቶች ስለ ባርነት ያለውን ክርክር ፍርድ ቤቱ በቅርቡ ይቋጨዋል፤ የሚወጣውንም ውሳኔ በደስታ እቀበላለሁ አለ። ምን እንደሚወጣ ግን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ከዳኞቹ ጋር ይጻጻፍ ነበርና፤ ይባስ ብሎም ዳኛ ግሪየር ከደቡቦቹ ዳኞች ጋር እንዲቆም ገፋፍቶታል። ከሁለት ቀን በኋላ ብያኔው ተነበበ፤ 7 ለ 2።

የፍርዱ ዋና ጸሐፊ የዳኞቹ አለቃ ሮጀር ታኒ ነው፤ ያኔ የ79 ዓመት ሽማግሌ። ሦስት ነገር ወሰነ። አንደኛ፣ ዘሩ ከአፍሪካ የሆነ ሰው ባሪያም ይሁን ነፃ የአሜሪካ ዜጋ ሊሆን አይችልም፤ ስለዚህ በፌዴራል ፍርድ ቤት የመክሰስ መብት የለውም። ሁለተኛ፣ ባሪያ ንብረት ነው፤ ንብረት ደግሞ ያለ ሕግ ሥርዓት ከሰው እጅ አይወሰድም፤ ስለዚህ ኮንግሬስ ባርነትን ከግዛቶች ለመከልከል ሥልጣን የለውም፤ የ1820ው ሕግም ከመጀመሪያው ከንቱ ነበር። ሦስተኛ፣ ስኮት ኢሊኖይ መኖሩ ምንም አይጠቅመውም፤ የሚወስነው የሚዙሪ ሕግ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይበል። የ1820ን ሕግ ኮንግሬስ ራሱ በ1854 ሽሮት ነበር። ታዲያ የሞተውን መግደል ምን ይባላል? ዓላማው ሬሳው አልነበረም። በዚያው በ1854 የተመሠረተው የሪፐብሊካን ፓርቲ ትልቁ ጥያቄ ባርነት ወደ አዳዲስ ግዛቶች እንዳይገባ በሕግ ይከልከል የሚል ነበር። ብያኔው እንግዲህ ለዚያ ፓርቲ «የቆማችሁለት ዓላማ ሕገ መንግሥቱን ይጻረራል፣ ብትመረጡም ልትፈጽሙት አትችሉም» ማለቱ ነው። ፍርዱ ስለ አንድ ቤተሰብ ይመስላል እንጂ ለገና ያልተደረገ ምርጫ የተሰጠ መልስ ነበር።

ወደ ታኒ አጻጻፍ እንምጣ። ይህ ሰው ጨካኝ ጌታ ነበር ብለን እንዳናመልጥ፣ የራሱን ባሮች ከብዙ ዓመታት በፊት ነፃ ያወጣ ሰው ነው። ነገሩ ያለው ሰነድን በሚያነብበት መንገድ ላይ ነው። በ1776 የነፃነት አዋጅ ላይ ሰው ሁሉ እኩል ሆኖ ተፈጥሯል የሚለው ቃል የሰውን ዘር በሙሉ የሚያጠቃልል እንደሚመስል ታኒ ራሱ ያምናል። ቀጥሎ ግን ጸሐፊዎቹ ባሮች ይዘው እየኖሩ ይህን ማለታቸው ሊሆን አይችልም፤ ብለውት ቢሆን ኖሮ ቃልና ሥራቸው በተጋጨ ነበር ይላል። ሰዎቹ የተከበሩ ስለሆኑ መጋጨት የለባቸውም፤ እንግዲያስ ቃሉ ይጥበብ! አስተውሉ፤ የሰዎቹን ክብር ለማዳን ቃላቸውን ሠዋው።

እኛ በቅኔ አገር ያደግን ሰዎች ይህን መንገድ እናውቀዋለን። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት «ባሪያ» የሚል ቃል በ1787 በተጻፈው ክፍሉ ውስጥ የትም የለበትም። «በአገልግሎት የተያዘ ሰው»፣ «ሌሎች ሰዎች» እያለ ዙሪያውን ይሄዳል። ሰም ነው እንግዲህ። ታኒ ሰሙን አቅልጦ «ወርቁን የማውቀው እኔ ነኝ» የሚል ፈቺ ነው። ወርቁም ባርነት ነው ይላል። ቅኔ ፈቺ ሲሳሳት ጉባኤው ይስቅበታል፤ እዚህ ግን ፈቺው ዳኛ ነው፤ ሳቅ የለም።

ይሁንና ታኒ ሳያውቀው አንድ ጥሩ ገጽ ጽፏል። ጥቁሮች ዜጋ ናቸው ብንል ምን ይከተላል ብሎ ይጠይቅና ይዘረዝራል። ወደፈለጉት ስቴት ያለ ይለፍ ወረቀት ይገባሉ፤ ነጭ በሚናገርበት ጉዳይ ሁሉ በአደባባይም በጓዳም ይናገራሉ፤ ስብሰባ ያደርጋሉ፤ መሣሪያ ይይዛሉ። ይህን የጻፈው ለማስፈራራት ነው። ለሚያነብበው ጥቁር ሰው ግን ከዚህ የተሻለ የነፃነት ዝርዝር ከየት ይመጣል? ደራሲ የፈራው ነገር ከወደደው ይልቅ ጎልቶ ሲወጣለት አልፎ አልፎ በልብ ወለድም እናያለን።

«ዜጋ» የሚለውን ቃል ካነሳን አይቀር፣ የእኛው ቋንቋ እዚህ ላይ የሚለው አለው። በ18ኛው መቶ ዘመን በምሥራቅ ጎጃም የመሬት ሰነዶች ውስጥ «ዜጋ» ማለት በሌላ ሰው መሬት ላይ ያለ፣ ለባለመሬቱ የሚሠራ ጥገኛ ሰው ማለት ነበር። ዛሬ ደግሞ መብት ያለው የአገር ሰው የምንለው በዚያው ቃል ነው። ቃል ከታች ወደ ላይ ሊወጣ ይችላል ማለት ነው። ታኒ የካደው ይህንኑ ነው፤ ቃል ሲጻፍ የነበረውን ትርጉም ይዞ ለዘለዓለም እንዲደርቅ ፈለገ።

የመጀመሪያው መልስ የመጣው ከጎኑ ከተቀመጠው ሰው ነው። ዘጠኙም ዳኞች የየራሳቸውን ጽፈዋል፤ የተቃወሙት ጆን ማክሊንና ቤንጃሚን ከርቲስ ናቸው። ከርቲስ ምን አደረገ? ታኒን በገዛ ሜዳው ገጠመው። ትርጉሙን የሚወስነው የዚያ ዘመን ሰዎች አስተሳሰብ ነው ካልክ እሺ፣ ወደ ዘመኑ መዝገብ እንሂድ አለው። መዝገቡ ሲገለጥ ኒው ሐምፕሺር፣ ማሳቹሴትስ፣ ኒው ዮርክ፣ ኒው ጀርዚና ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ከሕገ መንግሥቱ በፊት ነፃ ጥቁሮች ሌላው ሰው የሚያሟላውን ካሟሉ የመምረጥ መብት ነበራቸው። ሕገ መንግሥቱን ካጸደቀው ሕዝብ መካከል እነሱም ነበሩበት ማለት ነው። ሰነዱን ካቆሙት አንዱን ሰው፣ ሰነዱ አንተን አያውቅህም ማለት እንዴት ይቻላል?

ከርቲስ ቁጡ ጸሐፊ አይደለም። ጽሑፉ ደረቅ ነው፤ አንቀጽ በአንቀጽ ይሄዳል፤ ቀልብ የሚስብ ምሳሌ እንኳ አይገኝበትም። ሆኖም ታኒን ያስጨነቀው እሱ ነው። ታኒ የከርቲስን ጽሑፍ ካየ በኋላ የራሱን ብያኔ እያደሰና እያስረዘመ ቆየ፤ ሳይታተም በፊትም ከርቲስ ቅጂ ሲጠይቅ ተከለከለ። ከርቲስ በዚያው ዓመት ከዳኝነቱ ለቀቀ። አየህ አንባቢ፣ ሂስ ደራሲን ብዕር እንደገና ሊያስነሳ ይችላል፤ መዝገብ የያዘ ሂስ ሲሆን።

የከርቲስ ጉድለት ግን ግልጽ ነው። በታኒ ደንብ ተጫውቶ ማሸነፉ ደንቡን እንዲቀበል አድርጎታል። እነዚያ አምስት ስቴቶች ባይገኙስ ኖሮ? የስኮት ሰውነት በአሮጌ የምርጫ ሕግ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው? ይህን ጥያቄ የሚመልሰው ሁለተኛው ጽሑፍ ነው።

ፍሬድሪክ ዳግላስ ታኒ በተወለደበት በሜሪላንድ ምድር ባሪያ ሆኖ ተወልዶ በ1838 አምልጦ የወጣ ሰው ነው። በሜይ 1857 ኒው ዮርክ ላይ ስለዚህ ብያኔ ሲናገር በአዳራሹ ውስጥ ተስፋ የቆረጡ ብዙዎች ነበሩ። ተስፋ መቁረጥ የራሱ ወገን ነበረው። የባርነት ተቃዋሚዎቹ ቀንደኛ ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን በጁላይ 4 ቀን 1854 በማሳቹሴትስ፣ ፍራሚንግሐም በተባለ ቦታ፣ ሕገ መንግሥቱን በሕዝብ ፊት በእሳት አቃጥሎታል። ሰነዱ የባርያ ጌቶች ውል ነው፤ ይቃጠል ባይ ነው። ዳግላስ ቀድሞ የጋሪሰን ደቀ መዝሙር ነበር፤ በ1851 በዚህ ጉዳይ ተለያዩ። እንግዲህ ልብ ብለን ስናየው ጋሪሰንና ታኒ በፖለቲካ ሰማይና ምድር ሆነው ሳለ በንባብ አንድ ናቸው! ሁለቱም ወርቁ ባርነት ነው ይላሉ። አንዱ ለዚህ ብሎ ያቃጥለዋል፤ ሌላው ለዚህ ብሎ ይፈርድበታል።

ዳግላስ ሦስተኛ መንገድ ያዘ፤ ሰሙን ያዘ። ሰነዱ ሲጀምር «እኛ ሕዝቡ» ይላል፤ እኛ ነጮቹ አይልም፤ የቆዳ ቀለም አያነሳም፤ በዚያ አገር የሚኖረውን ሰው ሁሉ የሚያውቀው ሕዝብ ብሎ ነው። ጥቁሩን የሚያስወጣው ማጥበቢያ የታኒ እንጂ የሰነዱ አይደለም አለ። ይህን ሐሳብ በ1860 በስኮትላንድ ከተማ በግላስጎው ባደረገው ዲስኩር የበለጠ አብስሎታል፤ ሕዝብ ያጸደቀው በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ነው፤ ጸሐፊዎቹ በሆዳቸው የያዙትንና ለመጻፍ ያፈሩበትን አይደለም የሚል ነው። ይሄ ለእኛ ለሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች የሚጥም ክርክር ነው። ደራሲው ያፈረበትን ነገር ፍርድ ቤት ለምን ያከብርለታል?

የዳግላስ ዲስኩር ኃይል ግን በሎጂኩ ብቻ አይደለም፤ በድምፁ ነው። ያዘነ ሕዝብ ፊት ቆሞ፣ ተስፋዬ ከዛሬ ይልቅ ብሩህ ሆኖ አያውቅም አለ። ከሰማይ ያለውን ፍርድ ቤት ከዋሽንግተኑ በላይ አድርጎ ያስቀምጣል። ዳኛ ታኒ ብዙ ነገር ማድረግ ይችል ይሆናል፤ ባሕርን ቀድቶ መጨረስ ግን አይችልም ይላል። ቀጥሎም የባርነት ጥያቄ በየጊዜው «ተቋጨ» እየተባለ በየጊዜው እንዴት እንደተከፈተ ይቆጥራል፤ በተቋጨ ቁጥር ይበልጥ መቋጫ ያስፈልገዋል ሲል ይሳለቃል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደምንለው ነው፤ ግን እሱ ንጋቱን ቁጭ ብሎ አይጠብቅም። ብያኔው የተኛውን ሕዝብ ይቀሰቅሳል ብሎ ያሰላል፤ ስሌቱም ደረሰ።

ድካም የለበትም ልንል አንችልም። ሕገ መንግሥቱ የባሮችን ቁጥር በሦስት አምስተኛ አስልቶ ለጌቶቻቸው ስቴቶች የምክር ቤት ወንበር ይጨምርላቸዋል፤ የጠፋ ባሪያም ይመለስ ይላል። ዳግላስ እነዚህን አንቀጾች በብልሃት ይተረጉማቸዋል፤ ሦስት አምስተኛው ባሪያ በያዙት ስቴቶች ላይ የተጣለ ቅጣት ነው እስከማለት ይደርሳል። ብልሃቱ ደስ ይላል፤ ማሳመኑ ግን ያጠራጥራል። ሰሙን አጥብቆ የሚይዝ ሰው አንዳንዴ የሚቃጠል እጁን ይረሳዋል።

ወደ ሦስተኛው እንለፍ። እዚህ ላይ ስም እንዳያምታታን፤ ሴናተር ስቲቨን ዳግላስ የሚባል ሌላ ሰው አለ፤ የኢሊኖይ ዲሞክራት ነው። ጁን 12 ቀን 1857 ስፕሪንግፊልድ ላይ ብያኔውን ደግፎ ተናገረ፤ ፍርድ ቤቱን የሚቃወም ሕግን የሚቃወም ነው አለ። ሊንከን ጁን 26 እዚያው ከተማ ላይ መለሰለት።

እኛ አገር «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» ይባላል። የሴናተሩ ክርክር ይኸው ነው፤ ንጉሡን በዳኛ ለውጠው። ሊንከን ደግሞ ዳኛውን አይሰድብም፤ ሕዝቡንም ለአመፅ አይጠራም። አንድን ፍርድ ለሁለት ይከፍለዋል። ፍርድ አንድን ጉዳይ ይቋጫል፤ ሌላም ሥራ አለው፤ ወደፊት የሚመጡ ጉዳዮች እንዴት እንደሚታዩ ያመለክታል። ለመጀመሪያው እንታዘዛለን፤ ሁለተኛውን ግን ገና አልተቀበልንም ይላል። ፍርድ ቤቱ የራሱን ውሳኔ ብዙ ጊዜ ሽሯል፤ ይህንንም እንዲሽር የምንችለውን እናደርጋለን። በእኛ ቋንቋ ይግባኝ ማለት ነው፤ ይግባኙ የሚገባው ግን ለበላይ ዳኛ አይደለም፤ በምርጫ ለሕዝቡ ነው።

ከዚያ መመዘኛ ያወጣል፤ ጥሩ ኀያሲ እንደሚያደርገው። አንድ ብያኔ እንደ ጸና የአገር ደንብ የሚከበረው መቼ ነው? ዳኞቹ በአንድ ድምፅ ሲስማሙ፤ የፓርቲ አድልዎ ሳይታይበት ሲቀር፤ ከሕዝቡ የቆየ ልማድ ጋር ሲስማማ፤ በሐሰተኛ ታሪክ ላይ ያልቆመ ሲሆን፤ ይህ ሁሉ ባይሟላ እንኳ በተደጋጋሚ ታይቶ በብዙ ዓመታት ሲጸና። ይህ ብያኔ አንዱንም አያሟላም። ለሐሰተኛው ታሪክ ማስረጃ ያደረገው የከርቲስን አምስት ስቴቶች ነው። የሴናተሩን አፍ ያስያዘው ደግሞ በገዛ አባቱ ምስክርነት ነው፤ ዲሞክራቶቹ የሚምሉበት አንድሩ ጃክሰን ፍርድ ቤቱ ሕጋዊ ነው ያለውን ባንክ በ1832 አልቀበልም ብሎ ሕጉን መልሶታል። ሙግት እንዲህ ነው! የጥንት የተጠየቅ ተሟጋቾቻችን ቢሰሙት ጣታቸውን በነከሱ።

ስለ 1776 አዋጅ ሊንከን የሰጠው መልስ ከሁሉ ይልቃል ብዬ አምናለሁ። ታኒ ጸሐፊዎቹ ያልፈጸሙትን ማለታቸው አይደለም ሲል፣ ሊንከን ግን ጸሐፊዎቹ ያን ቀን እኩልነት አለ ማለታቸው ወይም ወዲያው እናመጣዋለን ማለታቸው አይደለም፤ ለነፃ ሕዝብ ግብ ማቆማቸው ነው ይላል። ሁልጊዜ የሚታይ፣ ሁልጊዜ የሚደከምለት፣ ሙሉ በሙሉ ባይደረስበትም የሚቀረብለት ግብ። እንግዲህ ቃል የትናንትን ሥራ ብቻ አይዘግብም፤ ለነገም ዕዳ ያስገባል። ታኒ አዋጁን እንደ ደረሰኝ ያነብበዋል፤ ሊንከን ግን እንደ ብድር ውል።

በዚያው ዲስኩር የጥቁሩን ሁኔታ በእስር ቤት ይመስለዋል። በብረት በሮች ተዘግቶበታል፤ ቁልፉ መቶ መክፈቻ አለው፤ መቶው መክፈቻ በመቶ ሰዎች እጅ፣ በመቶ ቦታ ተበትኗል። በዓመቱ ጁን 16 ቀን 1858 በዚያው በስፕሪንግፊልድ ሲናገር ደግሞ ሴናተሩን፣ ሁለቱን ፕሬዚዳንቶችና ዳኛውን በየቦታው ሆነው ዕንጨት ጠርበው ሲገጥሙት አንድ ቤት በሆነላቸው አናጢዎች መሰላቸው። ቀጣዩ ፍርድ ነፃ ስቴቶችም ባርነትን መከልከል አይችሉም የሚል ይሆናል ብሎ አስጠነቀቀ። ሁለቱም ምስሎች አንድ ነገር ይናገራሉ፤ ግፉ የአንድ ክፉ ሰው ሥራ አይደለም፤ የተከፋፈለ፣ የተቀናጀ ሥራ ነው።

ታዲያ ሊንከንን እንዲሁ አጨብጭበን እንለፈው? የለም። በ1857ቱ ዲስኩር ውስጥ የነጭና የጥቁር መለያየት ይበጃል፣ ጥቁሮቹም ወደ ሌላ አገር ቢሄዱ መልካም ነው የሚል ሐሳብ አለ። ሴናተሩ «ሊንከን ዘር ሊያደባልቅብህ ነው» እያለ ሕዝቡን ሲያስፈራራው እሱም በፍርሃቱ ላይ ቆሞ መለሰ። የድሬድ ስኮትን፣ የሚስቱንና የሁለት ሴቶች ልጆቹን ነገር ያነሳል፤ የሚጠይቅላቸው ግን ነፃ መሆን አለመሆናቸው የሚሰማበት ያህል ዜግነት ነው። መቼስ ምርጫ የሚፈልግ ሰው ነው እንበል። ዳግላስ ዲስኩሩን ሲናገር ስለ ራሱ ነው፤ ሊንከን ስለ ሌላ ሰው ነው፤ ልዩነቱ በያንዳንዱ አንቀጽ ሙቀት ይታወቃል። ለፍርዱ መታዘዝ የሚለው ቃልም ለሊንከን ቀላል ነው፤ ታዛዡ ስኮት ነውና።

ሆኖም ሦስቱን ሳስተያያቸው ከርቲስ ማስረጃውን፣ ዳግላስ ተስፋውንና ቃሉን፣ ሊንከን መንገዱን አዋጥተዋል እላለሁ። አንዱ ያለሌላው ይጎድላል። መንገዱም አደረሰ። ሊንከን በ1858 የሴናት ውድድር ተሸነፈ፤ በ1860 ግን ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። ማርች 4 ቀን 1861 ቃለ መሐላውን ያስፈጸመው ያው ታኒ ነበር። አዲሱ ፕሬዚዳንት በሽማግሌው ፊት ቆሞ፣ የመላውን ሕዝብ ጉዳይ አንድ ክርክር ላይ የተሰጠ ፍርድ ለዘለዓለም ከወሰነው ሕዝቡ የራሱ ገዥ መሆኑ ቀረ ማለት ነው ሲል ተናገረ። ጁን 19 ቀን 1862 ኮንግሬስ ብያኔው አትችልም ያለውን አደረገ፤ ባርነትን ከግዛቶች ሁሉ ከለከለ። ታኒ በ1864 ሞተ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1865 ጆን ሮክ የሚባል ጥቁር ጠበቃ በዚያው ጠቅላይ ፍርድ ቤት እንዲሟገት ተፈቀደለት። በ1865 የወጣው 13ኛው ማሻሻያ ባርነትን ሻረ፤ በ1868 የጸደቀው 14ኛው ደግሞ በአገሪቱ የተወለደ ሁሉ ዜጋ ነው ብሎ የታኒን ፍርድ ደመሰሰው። በመካከሉ ግን ከ600 ሺህ በላይ ሰው የሞተበት ጦርነት አለ። ንባብ ብቻውን ባርነትን ገደለ የሚል ቢኖር ይሳሳታል። ጦርነቱ ሲያልቅ በባዶው ቦታ ላይ ምን እንደሚጻፍ ያወቁት ግን እነዚህ አንባቢዎች ናቸው።

ስለ ከሳሾቹስ? የሐኪሙ ሚስት በኋላ ያገባችው ባርነትን የሚቃወም የማሳቹሴትስ የምክር ቤት አባል መሆኑ ሲታወቅ ነገሩ አሳፋሪ ሆነ። ስኮቶች ስኮትን በልጅነቱ ለያዘው ለብሎው ቤተሰብ ተላለፉና ቴይለር ብሎው ሜይ 26 ቀን 1857 ነፃ አወጣቸው። ፍርድ ቤት ያልሰጣቸውን የሰው ፈቃድ ሰጣቸው። ድሬድ በነፃነት የኖረው ዓመት ከጥቂት ወር ብቻ ነው፤ ሴፕቴምበር 17 ቀን 1858 በሳንባ ነቀርሳ ሞተ። ሐሪየት ግን እስከ 1876 ኖራለች፤ ዜጋ የተባለችበትን ቀን አይታለች።

በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። ድሬድ ስኮት መጻፍ አይችልም ነበር፤ በ1846ቱ አቤቱታ ላይ በስሙ ቦታ ያለው የመስቀል ምልክት ብቻ ነው። ከከርቲስም ከዳግላስም ከሊንከንም በፊት፣ የሚዙሪ ሕግ ለእኛም ይሠራል ብለው ያነበቡት እሱና ሚስቱ ናቸው። ዳኞቹ መቶ ገጽ ጽፈው ያጡትን እነሱ በአንድ ምልክት ይዘውታል። ስለ ተቃውሞ ስንጽፍ ባለስሞቹን ብቻ ማንሳት የለመድን እኛ፣ መጀመሪያ የከሰሰው ማን እንደሆነ መጠየቅ ይገባናል።

የተለየ አስተያየት ያለው፣ በተለይ ጋሪሰን ነው ልክ የሚል፣ በሚቀጥለው እትም ይጻፍና እንከራከር።